ሳቋን የቆረጠው ሰው

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሚዛን ከተማ ገበያ ውስጥ ካለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጓዳ ተሰብስበን የድሮ ሙዚቃ እናዳምጥ ነበር። አሁንም እንሰበሰባለን፤ ግን እንደ ድሯችን አይደለንም። እንዲህ ያደረገንን ሰው ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። «እርሺው፣ ያለፈ ነገር ነው» የሚሉኝን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልናገረው።

ሱቁ የሐጂ ነው። ሐጂ ቤተሰቦቻቸው ከጅማ መጥተው እዚህ የቀሩ፣ ራሳቸው ሚዛን ተወልደው ሚዛን ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ካሴቶቻቸውን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከከሰል ስባሪ ጋር ያስቀምጣሉ፤ የእኛ አገር እርጥበት ካሴት ያሻግታል፣ ከሰሉ እርጥበቱን ይመጥጥልኛል ይላሉ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከወንዶች መሀል ብቻዬን ሴት ሆኜ ስቀመጥ መጀመሪያ ሰሞን ገበያተኛው ተንሾካሽኮብኛል። ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ የሚዘምሩትም «ዓለማዊ ዘፈን ምን ያደርግልሻል?» ብለውኛል። ምን እንደሚያደርግልኝ ለማስረዳት አልሞከርኩም።

ሦስተኛው ሰው ከቴፒ በሚኒባስ የሚመጡ፣ እዚያ ባለው ትልቅ የቡና እርሻ በመካኒክነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሐጂ ኪቦርድ የገባበትን ዘፈን ሁሉ «ፕላስቲክ» ይሉታል። ጋሼ በአኮርዲዮን ይምላሉ። እኔ ደግሞ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲያጥረው የሚሰማበት ዘፈን ነው የምወደው፤ ለዚህም ሁለቱም ይስቁብኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ቴፑን እናጠፋና እስኪያባራ ድረስ እንጨቃጨቃለን። ሚዛን ላይ ዝናብ ምን ያህል እንደሚዘንብ የሚያውቅ፣ ምን ያህል እንደተጨቃጨቅን ያውቃል።

ጋሼ አንዳንድ ቅዳሜ ከኮት ኪሳቸው የሚያወጡት አንድ ካሴት ነበራቸው። በሠራተኞች በዓል ቀን፣ በእርሻው ክበብ ውስጥ የተቀዳ ነው። የምትዘፍነው ባለቤታቸው ናት። የጌጫ ልጅ ነበረች፤ ለቡና ለቀማ መጥታ ቴፒ ቀረች። ከሞተች ቆይቷል። «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን በካሴቱ ላይ ከእኔ የምታንስ ወጣት ስለሆነች አፌ እምቢ ይለኛል። ጋሼም አይቀየሙም።

ዘፈኑ በሸኪ ኖኖ፣ በእናት ቋንቋዋ ነው። አንድ አኮርዲዮን አለ፣ አንድ በርሜል የሚደበድብ ሰው አለ። የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ አኮርዲዮኑ ቦታውን ይስታል፤ እሷ ትስቃለች። አዳራሹም አብሯት ይስቃል። ከዚያ አንድ ወጣት ወንድ «ቀጥይ! ቀጥይ!» ብሎ ይጮኻል፤ እሷም ሳቁ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ሁለተኛውን ስንኝ ትጀምራለች። እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ጋሼ ሁልጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛም እንዳላየን እንሆናለን።

ኢንጂነሩ የመጣው በክረምት መግቢያ ላይ ነው። ለመንገድ ሥራ ከአዲስ አበባ የተላከ ሰው ነው። አንሶላ ሊገዛ ሱቁ ገብቶ ሙዚቃውን ሰማና እዚያው ቀረ። መዋሸት አልፈልግም፤ ወደድነው። ብዙ ያውቅ ነበር። የትኛው ባንድ የትኛውን ከበሮ መቺ ከየትኛው እንደነጠቀ ሲያወራ ሐጂ ደንበኛ እስኪረሱ ያዳምጡታል። ትልቅ ላፕቶፕና ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ነበረው።

የጋሼን ካሴት የሰማ ቀን ካሴቱን አገላብጦ አየው። ቆይቶ «ጋሼ፣ ክሩ እያለቀ ነው። አንድ ቀን ይበጠስብዎታል። ልገልብጥልዎትና በፍላሽ ላስቀምጥልዎት» አለ።

ጋሼ «የለም ልጄ፣ ይኸው ይበቃኛል» አሉት። በየቅዳሜው ጠየቃቸው። በመጨረሻ «እሺ፣ ለልጆቼ ይሆናል» አሉ።

«ከዚህ ጓዳ አይወጣም፣ ቃሌ ነው» አለ ኢንጂነሩ። እዚያው ከፊታችን በላፕቶፑ ገለበጠው፤ ካሴቱንና ፍላሹን በጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ሐጂ ደስ ብሏቸው ሻይና ሳምቡሳ አስመጡ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ስፒከሩ እየጮኸ ነበር፤ ለጭፈራ የተሠራ የኮምፒውተር ምት ነው፣ ዱም ዱም የሚል። ከምቱ በታች አንዲት ሴት ትዘፍናለች። መጀመሪያ አላወቅኳትም። ከዚያ አወቅኳት።

«አቁም!»

ሾፌሩ ደንግጦ ዳር ያዘ። «ምነው ቲቸር፣ አሞሽ ነው?»

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ሰሞኑን የወጣ ነው እኮ። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል።» ስልኩን አሳየኝ።

ፎቶ አለበት። ከእኛ ርቀው ከሚኖሩ ሕዝቦች የአንዲት ሴት ፎቶ፤ ከንፈሯ ላይ ሸክላ፣ ፊቷ ላይ ነጭ ቀለም፣ ፈረንጅ ለቱሪስት ያነሳው ዓይነት። ያቺ ሴት ምንም ነውር የለባትም። እሷም የራሷ ስም አላት፤ ለማታውቀው ዘፈን ፊቷን የሰጠችም አይመስለኝም። ከፎቶው በላይ «የጫካው ምሥጢራዊ ድምፅ» ይላል። ከሥሩ «ድምፃዊት፦ ያልታወቀች» ይላል። የኢንጂነሩ ስም ግን በትልቁ ተጽፏል፤ ዘፈኑም ሲጀምር በወፍራም ድምፅ ስሙን ይጠራል።

ያልታወቀች! ባሏ አጠገቡ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ የከረመ ሴት! ልጆቿ ቴፒ ውስጥ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ሴት! የትኛው ጫካ ነው? የሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ ባንዲራ በተሰቀለበት መድረክ ላይ፣ የበዓል ልብስ ለብሳ ቆማ የዘፈነች ሴት ናት። ከዚያች ባጃጅ ወርጄ በእግሬ ወደ ገበያ ስሄድ ጭቃውን አላየሁትም። ሐጂ ሱቅ ስገባ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ተጨማልቋል።

ሐጂ ሰሙኝና ጢማቸውን ደባበሱ። «ረጋ በይ ቲቸር። እንግዳ ሰው ነው፤ ሳያውቅ ይሆናል። ቅዳሜ በሰላም እናነጋግረዋለን።»

«ሐጂ፣ ያልታወቀች እኮ ነው ያላት!»

«ሰምቼሻለሁ። አላህ ያውቃል፣ እኔም ከፍቶኛል። ግን ጩኸት ምን ያደርጋል?»

ያን ዕለት በሐጂም ተናደድኩ። እኛ አገር ጎረቤት ሲበድል ይጮኽበታል፤ ከሩቅ የመጣ ሲበድል ግን «እንግዳ ነው» እየተባለ ይታለፋል። እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ኢንጂነሩ እየሳቀ ገባ። ጋሼም ቀድመው ደርሰው ነበር፤ ነገሩን ሐጂ ቀስ አድርገው ነግረዋቸዋል። እኔ ገና አፌን ልከፍት ስል ጋሼ እጃቸውን አነሡ።

«መጀመሪያ ልስማው» አሉ።

ኢንጂነሩ በኩራት ስልኩን ከፈተ። እሷ ዘፈነች። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፤ ምቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰበር ሁለተኛው ቀጠለ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ገለጡት።

«ሳቋ የት ሄደ?»

«የቱ ሳቅ?» አለ ኢንጂነሩ። «እ... እሱማ ስህተት ነበር እኮ ጋሼ። ምቱን ስለሚሰብር ቆረጥኩት። የሰዎቹንም ጫጫታ አጸዳሁት። አሁን እንዴት ጥርት እንዳለ አይሰሙም?»

«ቀጥይ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

ይህን ከዚያ በፊት ነግረውን አያውቁም። ዓመታት ሙሉ ያንን ወጣት ድምፅ እየሰማን ማን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅንም ነበር። ጋሼ ዣንጥላቸውን አነሡና ደህና ዋሉም ሳይሉ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውሰውም። መጮኼን ግን አስታውሳለሁ። ገበያ ውስጥ ጮኼ አላውቅም ነበር። ቃል ሰጥተህ ነበር አልኩት። ከሰውየው ጋር አንድ ሳህን ላይ በልተህ ሚስቱን ስም አሳጣሃት አልኩት።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ነኝ ያዳንኩት» አለ። «እዚህ ሻግቶ ሊቀር ነበር። አሁን ስንት ሰው ሰማው! ልታመሰግኑኝ ሲገባ...»

«ቲቸር፣ ሰው ይሰማል» አሉ ሐጂ በቀስታ።

«ይስማ!»

«እሺ፣ ስሟን እጽፋለሁ» አለ ኢንጂነሩ። «ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«አውርደው።»

«እሱማ አይሆንም። ብዙ ለፍቼበታለሁ።»

የለፋው እሱ ነው! ላፕቶፑን አጥፎ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ሐጂን ተሰናበታቸው፤ እኔን አላየኝም። ስሟን በእርግጥ ጻፈው፤ ከሥር፣ በትንሹ። ፎቶውን ግን አልቀየረም። የመንገዱ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ሲሻገር እሱም አብሮ ሄደ። በዒድ ለሐጂ «እንኳን አደረስዎ» የሚል መልእክት ልኮላቸዋል። ሐጂም መልሰውለታል፤ ይህንንም አልረሳሁላቸውም።

ጋሼ መምጣት አቆሙ። ቢቸግረኝ ቴፒ ድረስ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ የውሃ ፓምፕ ፈታተው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እንዴት ሳይቆጡ ወጡ?» አልኳቸው።

«ማን ነው ያልተቆጣው? እጄ ምን እንደሚሠራ ስላላወቅሁ ነው የወጣሁት።» ብሎኑን በጨርቅ ጠረጉ። «የልጅ ልጄ እዚህ ካምፓስ ትማራለች። አያቷን አላየቻትም፤ ቀድማት ነው የሞተችው። ዶርም ውስጥ ያ ዘፈን ሲከፈት 'አያቴ ናት' አለቻቸው። ፎቶውን አይተው ሳቁባት። ማታ ደውላ 'አባባ፣ እውነት እማማ ናት ወይስ ቀልደህብኝ ነው?' አለችኝ።»

 ፓምፑን ይዤላቸው ገጠሙት።

ያን ቀን ተስማማን። ፍላሹን ሰጡኝ። ዋናውን ቅጂ ከነሳቁ፣ ከነጫጫታው፣ ከነ«ቀጥይ» ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። ፎቶው የሠርጋቸው ነው፤ ሙሉ ስሟን፣ ጌጫ መወለዷን፣ ቴፒ መኖሯን ጻፍኩ። የልጅ ልጃቸው ለጓደኞቿ አሳየቻቸው፤ አንዷ ይቅርታ ጠየቀቻት አሉኝ። ሌላ ብዙ ሰው አላየውም። ካዩት አንዱ «ዘፈኑን ለምን አበላሻችሁት? ኦርጅናሉ ይሻላል» ብሎ ጻፈበት። ከኢንጂነሩ ሥራ ጋር አነጻጽሮ ነው። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጋሼ ተመልሰው መምጣት ጀምረዋል። ካሴቱንም ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ እሷ እየዘፈነች ሳለ ነርስ መሆኗ ከልብሷ የሚያስታውቅ አንዲት ሴት ፎጣ ልትገዛ ገባች። በጓዳው መጋረጃ በኩል አንገቷን አስግጋ «ምንድን ነው እሱ? ቋንቋዬ ነው እኮ» አለች። ፊቷ በርቶ ነበር። ሐጂ ዘለው ቴፑን አጠፉት።

«ሬዲዮ ነው» አሏት።

ሐጂ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ሴትየዋ እኛን አየች፣ ቴፑን አየች፤ ፎጣዋን ይዛ ወጣች። ጋሼ መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ ተነሥቼ ሮጥኩ፤ የሽንኩርት ተራውን አልፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም።

ተመልሼ ስገባ ሐጂ «ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ማንን እንመን?»

 በሐጂ አልፈርድም፤ ይህንን ያስተማራቸው ሌላ ሰው ነው። ነርሷን ግን ጤና ጣቢያው ሄጄ ልፈልጋት ነው፤ ሐጂ ቢወዱም ባይወዱም።