እትዬ ማንያህል በመስታወት

ሱሀይላን ሥራ የሚያስፈታት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ማንያህል። ኮምቦልቻ፣ አንድ የመስታወትና የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ አብረን እንሠራለን፤ እሷ መስታወት ቆራጭ፣ እኔ ገንዘብ ተቀባይ። እትዬ ማንያህል ደግሞ ከዐሥር ዓመት በላይ እሁድ እሁድ ማታ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ ድራማ ላይ ያለች ቤት አከራይ ናት። ተከራዮቿን እየሰደበች ታበላቸዋለች። እኔ በበኩሌ አልወዳትም፤ ይህን ሱሀይላ ፊት መናገር ግን ጠብ መፈለግ ነው።

ነገሩ የድራማ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቷ እማማ ለይላ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ደጋን ብቻቸውን ይኖራሉ። ሱሀይላ ከተማ ከገባች ወዲህ እናትና ልጅ የሚያወሩት ጠፍቷቸዋል። ትዳር ከተነሣ ይጣላሉ፤ ጤና ከተነሣ "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ተባብለው ይዘጋሉ። እሁድ ማታ ግን ድራማው እንዳለቀ እናትየው ይደውላሉ፤ ስለ እትዬ ማንያህል ባትሪ እስኪያልቅ ይወራል። አምና ታዲያ ድራማው ሊያበቃ ነው ተባለ። ሰኞ ሱሀይላ ዓይኗ አብጦ መጣች።

"ጽናት፣ ከእንግዲህ እናቴ ምን ብላ ትደውልልኛለች?" አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእትዬ ማንያህልን ምስል ለእናቷ ልትሠራ ቁርጥራጭ መስታወት መልቀም ያዘች። ቡናማው ለቀሚሱ፣ አረንጓዴው ከኋላዋ ለሚታየው በር። ለሻርፑ የሚሆን ሰማያዊ ጠፍቶ ደሴ ድረስ ወጥታ አንድ በር ሠሪ ዘንድ አገኘች። እያንዳንዷን ቁራጭ በአልማዝ መቁረጫ ቆርጣ፣ ጠርዟን አለስልሳ፣ ነጭ መስታወት ላይ እየለጠፈች መገጣጠሚያውን በጥቁር ሲሊኮን ማጣበቂያ ሞላችው። ጣቶቿ ሁሉ ፕላስተር ሆኑ።

ፊቷ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። እማማ ለይላ ምስል የተሰቀለበት ቤት መላኢካ አይገባም ብለው የሟች ባላቸውን ፎቶ እንኳ ሳጥን ውስጥ ነው ያኖሩት።

"ቴሌቪዥኑስ?" አልኳት።

"እሱ ያልፋል፣ ግድግዳ ላይ አይቀርም ትላለች።"

ስለዚህ ዓይንም አፍንጫም አልሠራችም፤ ፊቱ አንድ ወጥ የገረጣ ቁራጭ ሆነ። ቢሆንም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመችው ማን እንደሆነች ለማንም አይጠፋም ብዬ ነበር።

ጠፋ እንጂ። ደጋን ስንሄድ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በሁለታችን ጭን ላይ ይዘነው ነበር። ሚኒባሱ ሲዘል ብርድ ልብሱ ተገለጠና አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት አማትበው ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። አንዳችን ሙስሊም፣ አንዳችን ጴንጤ፤ ማን ያስረዳቸው?

"እማማ፣ ቤት አከራይ ናት" አልኳቸው። እስክንወርድ ድረስ አኩርፈውኝ ቀሩ።

እማማ ለይላ በር ላይ ተቀበሉን። ሱሀይላ መስታወቱን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ብርድ ልብሱን አነሣች። እናትየው ጠጋ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። እኔ ሊቆጡ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ።

"ማንያህል!" አሉ በመጨረሻ፣ እየሳቁ። "ወላሂ፣ አቋቋሟ ቁርጥ ራሷን! ፊቷን መተውሽም ደግ አደረግሽ። ግን ምነው ሻርፗን ሰማያዊ አደረግሽው? ቀይ አይደለም እንዴ?"

ሱሀይላ ዞራ አየችኝ። እትዬ ማንያህል ቀዩን ሻርፕ ካወለቀች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ እኔ የማልወዳት እንኳ አውቃለሁ። አንዲት ተከራይዋ ሰማያዊውን ከሰጠቻት ወዲህ ከራሷ አውርዳው አታውቅም። እናትና ልጅ ያን ስጦታ በስልክ ስንት ጊዜ አውርተውታል፤ ቀለሙን ግን እያየ ላለ ሰው ማን ይነግራል?

ሱሀይላ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዳ የለበሰውን ዳንቴል ገለጠችና ማብሪያውን ተጫነች። አልበራም።

"እማ፣ ይሄ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው?"

እማማ ለይላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። ቆይቷል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሌላ እገዛልሽ አልነበር?"

"ትገዥልኝ ነበር እንጂ፣ የኔ ልጅ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ። "ከዚያማ አንቺም ታያለሽ፣ እኔም አያለሁ፤ ምኑን ትተርኪልኛለሽ? ድምፅሽን በምን ልሰማው ነበር?"