ዕፀገነት የከለከለችው ጥያቄ

ጁባ ያለ የሐበሻ ሹፌር ወይ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ወይ እንግዳ ከኤርፖርት አማራት ሰፈር ወዳሉት ሆቴሎች ያመላልሳል። እኔ ግን፣ ስሜ ምንያህል ነው፣ ጭቃ እጭናለሁ። በየሰኞው ጠዋት ከወንዙ ዳር ሁለት ጆንያ ሸክላ አፈር ቆፍሬ ኒምራ ታላታ ሰፈር ወዳለው የድርጅታችን ግቢ አደርሳለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጭቃውን የምታዘኝ ዕፀገነት ናት። ድርጅታችን «የሥነ ልቦና አማካሪ» ይላታል። ጦርነት፣ ዝርፊያ፣ ከዚያም የባሰ ነገር የደረሰባቸው ሴቶች ወደ እሷ ይመጣሉ፤ ግማሾቹ የአገራችን ልጆች፣ ግማሾቹ ጋምቤላ አድገው የተመለሱ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው። ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጭቃ ያቦካሉ፤ ሲሰለቻቸው ኩድራ የሚባለውን የወጥ ቅጠል ያርማሉ። አንዷ ጭቃ ነክታ አታውቅም፤ መጥታ አትክልቱን ውሃ አጠጥታ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሳያቸው «ይህ ሕክምና ከሆነ እኔም ዶክተር ነኝ» ብዬ ቀልጃለሁ። ምን ላድርግ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዕፀገነት ራሷም ሥራውን ያወቀችው ተሳስታ ነው። የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ እዚያ የደረሰበትን በጉባኤ ፊት ቆሞ የመሰከረ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። እዚህም እንደዚያው መስሏት በመጀመሪያው ሳምንት ሴቶቹን ተራ በተራ አስነሥታ አስመሰከረቻቸው። ጣሂራ የምትባል ሴት ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ስትጨርስ ከግቢው ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ዕፀገነት ሦስት ጊዜ ቤቷ ድረስ ሄደች፤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። በሩ አልተከፈተላትም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ቁስሏን የነካካሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ያሻት ትናገራለች፣ ያላሻት ጭቃዋን ትሠራለች።

ነጃት ስምንት ወር ሙሉ ቃል ሳይወጣት ጭቃዋን ሠራች። ወደ ድንበር በሚወስደው የኒሙሌ መንገድ ላይ የተሳፈረችበት አውቶቡስ በታጣቂዎች መያዙን እንጂ ሌላውን የሚያውቅ የለም። ሰላምታዋ እንኳ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር። ድስት ትሠራለች፣ ቅርፅ ሲይዝላት ትጨፈልቀዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። «ጭቃውን ጨረሰችው እኮ!» ብዬ ባጉረመርም ዕፀገነት ተቆጣችኝ። «ቢያንስ የምታፈርሰውን እሷ ትምረጥ። ጨምርላት።»

ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጃችን አለባቸው መጣ። ገንዘብ የሚሰጡን እንግዶች ሐሙስ ስለሚመጡ አንዲት ሴት ታሪኳን መናገር አለባት አለ። የመረጠው ነጃትን ነው።

«አትናገርም» አለችው ዕፀገነት።

«እህት ዕፀገነት፣ አንድ ስቶሪ ብቻ እኮ ነው! ያለሱ ፈንዱም አይታደስ፣ ያንቺም ኮንትራት።»

«አይታደሳ!»

ይህን ያለችው በዚያችው ደመወዝ አዲስ አበባ ሁለት ልጆች የምታስተምር ሴት ናት። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

ሐሙስ ሦስት እንግዶች መጡ፤ ዛፉን አደነቁ፣ ቅጠሉን ቀመሱ። አለባቸው ግን ዕፀገነትን አልፎ ነጃት ፊት ቆመ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም እህቴ፣ አይዞሽ። መንገድ ላይ የደረሰብሽን ንገሪያቸው» አላት። አንዱ እንግዳ ካሜራውን አነሣ። ያንን የጭቃ ጆንያ አለባቸው አናት ላይ ብገለብጥበት ደስ ባለኝ።

ዕፀገነት ቀድማኝ ተነሣችና በነጃትና በካሜራው መሀል ቆመች።

«እዚህ ይህ አይጠየቅም» አለች። ኮንትራቷ እዚያው ላይ ማብቃቱ ለሁላችንም ገባን።

«ዞር በይ» አላት አለባቸው።

ነጃት ጭቃ የተለቀለቀ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ተነሥታ ከዕፀገነት ጎን ቆመችና አለባቸውን ዐይን ዐይኑን አየችው።

«እምቢ!» አለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ማን ሰምቶት ያውቃል? «እኔ ስፈልግ እንጂ አንተ ስትፈልግ አልናገርም።»

ከእንግዶቹ አንዷ ሴትዮ ነጃት ምን እንዳለች በእንግሊዝኛ ጠየቀች። አለባቸው «ደክሟታል» ብሎ ሊተረጉም ሲጀምር ዕፀገነት አቋረጠችው።

«እምቢ ነው ያለችው» አለቻት። «በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ታሪክ ከፈለጋችሁ እሱን ጻፉት።»