ካሜራዬ የዞረበት ቤት

በድሮ ፖስታ ካርድ ላይ ያለን ቦታ ዛሬ ፈልጎ ለማግኘት ዘዴው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ካርዱን በግራ እጄ ዘርግቼ እይዛለሁ፣ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከዚያ የካርዱ ጣሪያ ከእውነተኛው ጣሪያ ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን እላለሁ። ከገጠመ የድሮው ፎቶ አንሺ የቆመበት ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቦታው መኻል አስፋልት ይሆናል። እሱ በቆመበት ዘመን የሚያልፈው በቅሎ ነበር፤ በእኔ ዘመን ሚኒባስ ነው። ረዳቶቹ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ፋዘር፣ ኑሮ መረረዎት እንዴ?» ይሉኛል።

ካርዶቹን ያገኘሁት ብዙ ዘመን ከሠራሁበት ማተሚያ ቤት ነው። ባለቤቱ አርጅተው ሥራውን ሲያቆሙ አንድ መሳቢያ ገለበጡና «ውሰድ፣ አንተ አሮጌ ነገር ትወዳለህ» አሉኝ። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ አንዳንዱ ሰማዩ ብቻ በእጅ ሰማያዊ የተቀባ። ድሮውን ከላይ፣ ዘንድሮውን ከታች አድርጌ አንድ ካርድ ላይ ላትም አሰብኩ። ዕድሜውን የሠርግ ካርድ ሲያትም ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ያነሣሁት የእንጨት ሰገነት ያለውን ቤት ነበር። ከሥሩ አንድ የወሎ ሰው፣ ልብስ ሰፊ፣ የስፌት መኪናውን በር ላይ አውጥቶ ይሠራል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ስንገዳገድ አይቶ ብዙ ሳቀብኝ። ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ ፈረሰና ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። ሰፊው መኪናውን ተሸክሞ ከመንገዱ ማዶ ሌላ በር ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ አንድ የድሮ ዳቦ ቤት አነሣሁ፤ እሱም ብዙ አልቆየም። ቀጥሎ የድንጋይ ደረጃ ያለውን ግቢ። ይኸኛው ሲፈርስ ሰፊው ከማዶ ጮክ ብሎ «ጋሼ፣ የእርስዎ ካሜራ ነው ዶዘር?» አለኝ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ነገሩ ምንም ምሥጢር የለውም። እኔ የማነሣው የቆየ ቤት ነው፤ መንገድ ሲሰፋ የሚፈርሰውም የቆየ ቤት ነው። ይህን ለሰፊው ሳስረዳው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝና «ልክ ነዎት ጋሼ» አለኝ። «ብቻ ጠዋት ጠዋት፣ ገበያ ሳልከፍት በዚህ በኩል ባያልፉብኝ ደስ ይለኛል።»

የፒያሳ ነጋዴ ገድ ያምናል። የቀኑ የመጀመሪያ ደንበኛ ማን እንደሆነ እንደ ቀላል አያየውም። እግረ ርጥብ የተባለ ሰው ሲያልፍ ተጠርቶ ሻይ ይጋበዛል፤ እግረ ደረቅ የተባለ ብቅ ሲል በሩ ገርበብ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ሰፈር ስመላለስ በር የዘጋብኝ አልነበረም። ያን ሰሞን ግን ጫማ ሻጩ ጀርባውን ይሰጠኝ ጀመር። ማኪያቶ በምጠጣበት ቤት ካሜራዬን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙሩልን» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ግን እስካዞረው ድረስ ማኪያቶውን ከእጇ አላስቀመጠችም።

ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ ነገር አልተውም። ከካርዶቹ ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለውን ሕንፃ መረጥኩ፤ እንኳን እኛን የልጅ ልጆቻችንንም ይቀብራል የሚባል ዓይነት ሕንፃ ነው። ሰፊው እያየኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሆን ብዬ አነሣሁት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሳልፍ ግድግዳው ላይ የሚፈርስ ቤት የሚለይበት ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ገና አልደረቀም፤ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሰፊው ከማዶ አየኝና የስፌት መኪናውን ጎትቶ ወደ ውስጥ አስገባ። እንደዚያ ያለ ቀልደኛ ቀልዱን ሲተው ያስፈራል።

ያላነሣሁት አንድ ካርድ ቀርቶኝ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሰፈርን ከላይ ወደ ታች ያሳያል። ከቀኝ በኩል ያለው ባለ በረንዳው ቤት አክስቴ ተድራ የገባችበት፣ እኔንም እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችበት ነው። ወሬ ደግሞ እግር አለው፤ አንድ እሑድ ልጠይቃት ስሄድ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ያን ነገር ይዘኸዋል?»

«ምኑን?»

«አታሞኘኝ። ካሜራውን።»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ለጎረቤት ስጠውና ግባ» አለችኝ።

«እታለም፣ አንቺ እንኳ?»

«እኔ የማምነው ፈጣሪዬን ነው» አለች። «ግን ልጄ፣ እዚሁ ቤት ልሙትበት። እድሬ እዚህ ነው። ሬሳዬን ተሸክሞ የሚወጣው ሰው ሁሉ በዚህ አጥር ሥር ነው ያለው። ሌላ ቦታ ብሄድ ማን ያውቀኛል? ማን ነው ድንኳን የሚተክልልኝ? ይሄን ቤት ፎቶ እንዳታነሣው። ማልልኝ።»

በእናቴ አጥንት ብዬ ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ እሷ ጋ ስሄድ ካሜራውን ቤቴ ትቼ ነው። ስልኬ እዚያ እያለሁ ከጠራ የካሜራውን ዓይን በጣቴ ሸፍኜ አወራለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባይ የምለውን እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ቤቱ ቆሞ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ከመታጠፊያው ላይ ጣሪያውን ሳይ ነው ትንፋሼ የሚመለሰው።

ከታች፣ ከድልድዩ በኩል፣ የማሽን ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ጆሮ ካልሰጡት የማይሰማ ነበር፤ በኋላ እየቀረበ መጣ። አክስቴ መደርደሪያዋ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እንዳይንቀጫቀጩባት መኻል መኻላቸው ጨርቅ ሰካች። አቧራውን ጠዋት ትጠርገዋለች፣ ከሰዓት ተመልሶ ይቀመጣል። ስለ ድምፁ አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ እኔም አላነሣሁባትም።

አንድ ረቡዕ ደወለች። «ና» ብላ ዘጋችው።

ቀይ ቀለሙ በሁለቱ መስኮቶች መኻል ነበር። የእሷ ቤት ብቻ አይደለም፤ ተራው በሙሉ ተቀብቷል። ጎረቤቶቿ ማሽኑ ሳይደርስ ቆርቆሮና በራቸውን ለማትረፍ ምስማር ይነቅላሉ። አክስቴ በረንዳው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«አነሣኸው?»

«አላነሣሁትም እታለም። በእናቴ አጥንት።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ስዋሽ ታውቃለች። እውነቴን መሆኑ ገባት፤ ይኼ ግን አላረጋጋትም።

«ታዲያ ማን አነሣው?» አለች።

መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ሌላ ምንም የለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳላስበው ቀና ብዬ የማዶውን ጣሪያዎች አየሁ፤ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው ካለ ብዬ።

አሁን አክስቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃውም ከድሮው ይሻላል። የእድሯ ሰው ግን ገሚሱ ወዲያ ገሚሱ ወዲህ ተበተነ፤ ድንኳኑ የት እንደገባ እንኳ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ስሄድ ከሥሯ ባለው ፎቅ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸውን ነገረችኝ። የሰማችው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

«ከእግሬ ሥር ሰው ሞቶ እኔ ምሳዬን በላሁ» አለችኝ። ስታለቅስ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ እንደዚያን ቀን በደረቅ ዓይን ስታወራ ግን አንጀቴን በላችው።

ሻይ ከቀዳችልኝ በኋላ «ካሜራህን ይዘሃል?» አለች።

«ይዣለሁ።»

«ውረድና ይሄን ሕንፃ ፎቶ አንሣልኝ።»

ቀልድ መሰለኝ። ፊቷ ላይ ቀልድ የለም።

«ከታች እስከ ላይ» አለች። «አንድ መስኮት እንዳይቀርህ።»

ከመከራከር መውረድ ይሻላል ብዬ ወረድኩ። ከግቢው ማዶ ቆሜ ካሜራውን ወደ ዓይኔ አመጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት አንሶላ ታሰጣለች። ሦስተኛው ላይ የሽማግሌው መጋረጃ ተዘግቷል። ከጎኑ አንድ ሰው መስኮት ላይ መስተዋት አስደግፎ ጢሙን ይላጫል። ከላይ አክስቴ ሁለት እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሁሉም ገቡልኝ፤ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ሰውየው ምላጩን በውሃ እያጠበ ከመስተዋቱ በላይ አየኝና ሰላምታ በእጁ ሰጠኝ። ካሜራውን አወረድኩት።

ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ደረጃውን ወጣሁ። በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ።

«ባትሪው አልቋል» አልኳት።

«አላለቀም» አለችኝ። «አንተም አመንክ።» ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይዬን አንሥታ ወደ ኩሽና እየሄደች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር መስላ፣ «እንግዲህ እዚሁ ልሞት ነው ማለት ነው» አለች።