ያልተደባለቀ ማር

ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተመደብኩት የስኳር ሕመምተኞች ክትትል ክፍል ነበር። ያን ቀን በቃሬዛ ያመጧት ሴት ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር። ክፍሉን የምትመራው ሲስተር አልማዝ «ይህን ሽታ ያዢው፤ ሁለተኛ ሲሸትሽ እንዳትዘገዪ» አለችኝ። ሴትየዋ ተረፈች። እኔን ግን ፍርሃቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ በእኛ ሙያ ፈሪ ለታማሚዎቹም ይሆናል።

ሥራዬ ጣት ወግቶ መለካት፣ እግር ማየትና ማስተማር ነበር። ከመውጋቴ በፊት እጅ አሳጥባለሁ። የካፋ ሰው ጣት ማር አያጣውም፤ ማር የነካ ጣት ደግሞ መለኪያውን ያሳስታል።

ጠዋት ጠዋት ተራ ለሚጠብቁት እንዲህ እላለሁ፦ ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከስድስት የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ባይጨምር ይመረጣል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ ጭራሽ ቢተወው ይሻላል። ለስላሳውም ማሩም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። «ስድስት? እኛ ላንድ ብርጭቆ ሻይ አራት ነው የምናደርገው!» ብለው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ እግራቸውን የማየው እኔ ነኝ።

ጋሽ ወልደሚካኤል ከሺሺንዳ በኩል የሚመጡ ንብ አናቢ ነበሩ። ረጅም ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ የሚሰቅሉ፣ በማራቸው የሚኮሩ ሰው። አንድ ቀን የውስጥ እግራቸውን እሾህ ወግቷቸው ሳያውቁት መጡ። ቁስሉን ሳጥብ ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም አልተሰማቸውም። ቁስል ሲያም እሰየው ነው፤ የሚያስፈራው የማያመው ነው።

«ስኳር አቁመዋል ጋሼ?»

«እቤቴ አይገባም። አስካለን ጠይቂያት።»

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «እግዜር ምስክሬ ነው» አሉ።

ልኬታቸው ግን በመጡ ቁጥር ይጨምራል። ጤና መኮንናችን «መድኃኒቱን አይውጡትም፤ ይዋሹሻል» አለኝ። እኔ አላመንኩትም፤ ምክንያቱን ግን አላውቅም ነበርና ሌሊት ሌሊት ስለ እግራቸው አስብ ነበር።

ቁስሉ እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ መለኪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ሃይ» አለ፤ ከምለካው በላይ ነው ማለቱ ነው። እንደገና እጃቸውን በሳሙና አሳጥቤ ሌላ ጣት ወጋሁ። ያው ነው። ሁለት የእግር ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ጤና መኮንኑ ወዲያው ሪፈር ጻፈ። «ዛሬውኑ ቦንጋ ሆስፒታል ይድረሱ። እግሩ ራሱ መትረፉን እንጃ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አምቡላንስ ስንጠብቅ እትዬ አስካለ ከዘንቢላቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ለባላቸው ሰጡ። ጋሽ ወልደሚካኤል ውሃ ጥም አቃጥሏቸው ነበርና ግጥም አድርገው ጠጡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ብርዝ ነዋ፤ ጉልበት እንዲሆነው። ስኳር ካቆመ ወዲህ ሻዩም በማር ነው።»

ጠርሙሱን ከእጃቸው ነጠቅሁ። «ማርም ይቆጠራል ብዬ ነበር እኮ እትዬ!»

«ያልሽውማ የገበያውን ነው» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ነጋዴ ስኳር የሚደባልቅበትን። እሱን እርግፍ አድርገን ተውነው። ይሄ የገዛ ቀፎው ነው፤ ምንም አልገባበት።»

ጋሽ ወልደሚካኤል ተቆጡ። «የኔ ማር ስኳር የለውም! ንብ ከደን አበባ ነው የምትቀስመው፤ ሱቅ አትሄድም።»

ማራቸውን ያረከስኩባቸው ያህል ከፍቷቸዋል። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው፦ ንጹሑም ማር ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው፤ ደም የደኑንና የገበያውን አይለይም። እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ቦንጋ እግሩን አተረፉላቸው፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ተቆረጡ። ከዚያ ወዲህ ዛፍ አልወጡም። ቁስሉን ለማሳጠብ ሲመጡ እትዬ አስካለ ውጭ ይቀራሉ፤ ወደ ክፍሉ አይገቡም። አንድ ቀን በር ላይ ያዙኝ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጣቱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ የሰጧቸው እኮ ስለሚወዷቸው ነው» አልኳቸው።

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አሉኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በእኔ ቦታ ለገባችው ነርስ ያልኳት ይህን ነው፦ ካፋ ውስጥ ማር ይቆጠራል ብሎ ማለፍ አይበቃም። ያልተደባለቀውም፣ ከገዛ ቀፏቸው የቆረጡትም እንደሚቆጠር በግልጽ ንገሪያቸው። ስኳር አቆምኩ ያለሽን ሰው ደግሞ በምትኩ ምን እንደሚጠጣ ጠይቂው።