የመንገዱን ጡት የምትቆጥር ሴት

ቡላቅ ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ ቀጥቃጮች መንገድ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው፣ ከሼኹም ከወርቅ ሻጩም በፊት የሚሄደው ሐጃ ኢንሺራሕ ቤት ነው። ሦስቱን ፎቅ እያለከለከ ይወጣል፤ የያዘውን ጣፋጭ ያስቀምጣል፤ ጉልበቷን እንዴት እንዳደረጋት ይጠይቃል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እንግዲህ የእኛ ልጅ የነእንትናን ልጅ ከጅሏል፤ ምን ትያለሽ?" ይላል። እሷም ዓይኗን ጨፍና መቁጠር ትጀምራለች። አያት ቅድመ አያትማ ማንም ይቆጥራል። ኢንሺራሕ የምትቆጥረው ጡት ነው፤ ማን ማንን አጠባች፣ በየትኛው ዓመት፣ ለስንት ቀን።

የዚያ መንገድ እናቶች ሠርተው አዳሪዎች ነበሩ። አንዷ ገበያ አትክልት ስትሸጥ፣ ሌላዋ ክር ፋብሪካ ስትውል፣ ቤት የቀረችው አራስ የሁሉንም ሕፃን እየተቀበለች ታጠባ ነበር። ጣጣው የሚመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፣ ወንድምና እህት ደግሞ አይጋቡም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ነገሩን ሁሉ በጭንቅላቱ መያዝ ነበረበት። መጀመሪያ የያዘችው አዋላጅ የነበረችው የኢንሺራሕ እናት ናት፤ ስትሞት የአርባ ቤት ጡት ለልጇ አውርሳ ሄደች።

ኢንሺራሕ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ሴት ናት። ቲማቲም ልትገዛ ስትመጣ ሻጩ የበሰበሰውን ራሱ ቀድሞ እየለቀመ ይጥላል፤ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃላ! ስትስቅ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። በጡት ጉዳይ ግን ቀልድ አታውቅም። ከሃያ ዓመት በፊት ሰናእ የምትባል የልብስ ሰፊ ልጅ የጎረቤቷን ልጅ ወድዳ፣ ቀለበት ተገዝቶ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ሳለ ኢንሺራሕ፣ "አይሆንም ልጄ፤ እናቱ ሁለት ሳምንት አጥብታሻለች" አለቻት። ልጅቱ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። ኋላ ሌላ አግብታ አምስት ወልዳለች፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ኢንሺራሕን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ኢንሺራሕ ግን ባየቻት ቁጥር ሰላም ትላታለች፤ መልስ አይመጣም።

ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ልጇ ሰማሕም አግብታ ጊዛ ትኖራለች። ብቻዋን ናት። አምና ደግሞ መትወሊ ተመልሶ መጣ። መትወሊ በዕድሜ እኩያዋ፣ በዚሁ ሕንፃ የተወለደ ሰው ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት እስክንድርያ ትራም ሲነዳ ኖሮ፣ ሚስቱ ሞታ፣ ልጆቹ ለሥራ ባሕር ተሻግረው፣ ምድር ቤት ያለችውን የአባቱን ክፍል ከፍቶ ገባ። ባቄላውን ከድስቱ ላይ ቆሞ ይበላል። ኢንሺራሕ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ተቀብሎ እስከ ደረጃው ግርጌ ያደርስላታል። ከዚያ አያልፍም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ባዕድ ወንድ ወጥቶ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ የሚያወሩት እሷ ከላይ የደረጃው መደገፊያ ላይ ተንጠልጥላ፣ እሱ ከታች አንጋጦ ነው፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ በነፃ ይሰማል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እንዲህ ሆነ።

"ኡሙ ሰማሕ!" አለ ከታች፣ የሰማሕ እናት ብሎ በልጇ ስም ሲጠራት።

"ምን ሆንክ?"

"ምሳ ምንድነው ዛሬ?"

"የሙሉኺያ ቅጠል ወጥ።"

"ሽታው እዚህ ደርሷል።"

"ታዲያ ሽታውን በዳቦ ብላው!"

"ሽታ ሰለቸኝ። አግቢኝና ወጡን ልብላ።"

ኢንሺራሕ አፏን ሳትከፍት ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የፀጉር አስተካካዩ ሚስት እልልታዋን ለቀቀችው።

"አንቺ! እኔ ገና መቼ መለስኩ!" ብላ ጮኸችባት ኢንሺራሕ። ከዚያ ወደ ታች፣ "ለወጥ ብለህ ነው የምታገባኝ?"

"ለወጥም ነው፣ ለሳቅሽም ነው። ከግድግዳ ጋር ማውራት መሮኛል፤ መልስ አይሰጥም።"

"እስከ ዓርብ ላስብበት" አለች። ነገሩን ካሰበችበት ግን ዓመት አልፎታል። ዓርብ እሺ አለች፤ ኒካሑም ለቀጣዩ ሐሙስ ተቆረጠ። ሰማሕ ከጊዛ መጥታ እናቷን ጨፍልቃ ሳመቻት፤ ቲማቲም ሻጩ እንኳ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ከእንግዲህ ጭቅጭቁን የሚካፈለው ሰው ስለተገኘ አላህን አመሰገነ።

ሰኞ ዕለት የመትወሊ ታናሽ እህት ፈትሒያ በወጉ መሠረት ጣፋጭ ይዛ መጣች። ገና ከበሩ በሳቅ ፈነዳች። "አጠያየቁ ራሱ ግራ ገባኝ! ጠያቂውም አንቺ፣ ተጠያቂውም አንቺ። በይ እስቲ ለወጉ ያህል ቁጠሪ!"

ኢንሺራሕም እየሳቀች ዓይኗን ጨፈነች። የመትወሊ እናት ማን ማንን አጥብታለች? የቀለም ቀቢውን መንትዮች፣ አዎ። የጋሪ ነጂውን ልጅ፣ ሦስት ቀን። ቀጥሎ ወደ ራሷ መጣች፤ ኢንሺራሕን ማን አጠባት? ባዶ ነበር። የአርባ ቤት ጡት የምታውቅ ሴት የራሷን አታውቅም! እናቷ አልነገረቻትም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም፤ ባሏ ከሶሃግ የመጣ እንግዳ ስለነበር ለዚያ ጋብቻ ጡት መቁጠር አላስፈለገም። የመትወሊ እናት ደግሞ እነሱ የአምስት ዓመት ልጆች ሳሉ ሞታለች።

"ምን ሆንሽ? ቀለምሽ ተለወጠ" አለች ፈትሒያ።

"ምንም። አንድ ሰው መጠየቅ አለብኝ።"

የምትጠየቀው እማማ ነብዊያ ነበሩ፤ የእናቷ ረዳት የነበሩ፣ ዛሬ ወንዙን ተሻግሮ ኢምባባ ልጃቸው ቤት የሚጦሩ የዘጠና ሁለት ዓመት አሮጊት። ኢንሺራሕ ማክሰኞ ጠዋት ባስቡሳ የሚባለውን ለድድ የሚመች ለስላሳ ጣፋጭ ገዝታ በዘንቢሏ ይዛ ሄደች።

"እማማ፣ እኔ ስወለድ ያጠባችኝ እናቴ ራሷ ናት?"

አሮጊቷ ባስቡሳውን እያላመጡ ሳቁ። "በምን ጡቷ! ጡቷ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት ስትቃዥ ነበር እኮ። አርባ ቀን ሙሉ ያጠባችሽ የመትወሊ እናት ናት። ግራውን ለሱ፣ ቀኙን ለአንቺ። አንቺማ ሆዳም ነበርሽ! የራስሽን ጨርሰሽ የሱን ትቀሚ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ እኛ በሳቅ…" ቀና ብለው የኢንሺራሕን ፊት ሲያዩ አፋቸውን ዘጉ። "ለምንድነው የጠየቅሽኝ?"

"መትወሊ ሊያገባኝ ነው። ሐሙስ።"

አሮጊቷ ጣታቸውን ቀስ ብለው በቀሚሳቸው ጠረጉ። "በዚያ ቤት ከነበርነው ሴቶች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ" አሉ። "ትናንት ራት ምን እንደበላሁ አላስታውስም ብል የሚከራከረኝ ሰው የለም። ይርሱት ካልሽኝ ይሄንንም ረስቼዋለሁ።"

"ኧረ እማማ!"

"ምን ኧረ አለው? ልጅ አትወልዱ፣ ርስት አትካፈሉ። ሁለት ሽማግሌዎች አብረው ምሳ ቢበሉ ምድር አትገለበጥም።"

ኢንሺራሕ ግንባራቸውን ሳመችና ወጣች።

ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች። መሀል ላይ ስትደርስ ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆማ ወንዙን እያየች ያን መርሳት ፈለገችው፤ አምርራ ፈለገችው። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ሰው ማግኘቷ ደስ ብሏት ነበር፤ ከሳምንት ወዲህ ጠዋት የምትነሳው እየዘፈነች ነው። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃል፤ አሮጊቷም ዝም ይላሉ፤ ሐሙስ ሼኹ ይመጣል፤ በቃ። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ እሷም ከድልድዩ ስትወርድ ዝም ለማለት ቆርጣ ነበር።

መንገዳቸው አፍ ላይ ስትደርስ ሰናእ ልብስ ታሰጣለች። እንደልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ሰናእ" አለች ኢንሺራሕ፤ ብላም መራመድ አቃታት። ያቺን ልጅ ሳምንት ሙሉ ያስለቀሰ ነገር እሷ ላይ ሲደርስ ሊረሳ ነው? ነገ ሌላ ልጅ እያለቀሰች ደረጃዋን ስትወጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ምን ልትቆጥር ነው? ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ቤቷ ሄደች።

መትወሊ በሩ ላይ ተቀምጦ ግብጦ ይቆረጥማል። "ምነው ፊትሽ?" አለ።

"አርባ ቀን ከእናትህ ጡት ጠብቻለሁ። ካንተ ጋር።"

የግብጦውን ሳህን መሬት አስቀመጠው። "እርግጠኛ ነሽ?"

"እማማ ነብዊያ ናቸው የነገሩኝ። ከፈለግሽ እረሳዋለሁ ብለውኛል።"

"እና?"

"እኔ መርሳት አቃተኝ።"

የመትወሊ ዓይን እንባ ሞላ። ሰው እንደሚያየው ቢያውቅም አልጠረገውም። "ወድጄሽ ነበር እኮ" አለ።

"እኔም" አለች። ያ ረጅም ድምፅዋ ከእሱ አልፎ ለማንም አልተሰማም።

ዘንቢሏን ልታነሳ ስትል መትወሊ እጁን ዘረጋ። "ቆይ፣ ቆይ እስቲ። ወንድምሽ ከሆንኩ… ደረጃውን መውጣት እችላለሁ ማለት ነው?"

ኢንሺራሕ ቀና አለች። ይህን ያህል ዓመት ለሰው ስትቆጥር "አይሆንም" የምትለውን ብቻ እንጂ የሚሆነውን አስባው አታውቅም ነበር። "ትችላለህ" አለች።

"ሦስቱንም ፎቅ?"

"ሦስቱንም።"

"በር ተዘግቶ ምሳ መብላትስ?"

"ማን ምን ሊል? ሰው እህቱ ቤት በላ!"

"ሐሙስ ሐሙስ?"

"በየቀኑ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!"

ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት የፀጉር አስተካካዩ ሚስት አንገቷን አወጣች። "እና እልልታዬን ትመልሱልኛላችሁ ወይስ ልድገመው?"

"ድገሚው!" አለች ኢንሺራሕ። መንገዱ ሁሉ ሰማ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ መትወሊ በተተኮሰ ሸሚዝ ደረጃውን ወጣ። በየፎቁ አረፈ፤ ጉልበቱ ትራም መንዳት እንጂ ደረጃ አልለመደም። በሯ ላይ ሲደርስ እንደ ባዕድ ወንድ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሴቶቹ ይሸፈኑ ዘንድ "ያ ሳቲር!" ብሎ ጮኸ። የኢንሺራሕ እጅ በልማድ ወደ ሻሿ ሄደ። ያዘችው፤ መልሳ ምስማሩ ላይ ሰቀለችውና በሩን ከፈተች።

መትወሊ መሬት መሬት ያያል።

"ቀና በል እንጂ" አለችው። "ማን መሰልኩህ?"

ቀና አለ። ከባሏ ወዲህ ወንድ ያላየው ፀጉሯ በትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ሽበቱ ሁሉ በአዲስ ሂና ቀልቷል።

"ለሐሙስ የተቀባሽው ነው?" አለ።

"ለሐሙስ።"

"አምሮብሻል… እህቴ" አለ፤ የመጨረሻዋን ቃል እንደ አዲስ ጫማ ቀስ ብሎ እየሞከራት።

ኢንሺራሕ ገለል ብላ አስገባችው፤ በሩንም ዘጋችው።