ሙሉ ተርኪ በፋሲካ ማግስት

አባቴ እኔ የሠራሁትን ምግብ ቀምሰው አያውቁም። ወረታ አጠገብ ባለች ደብር መሪጌታ ናቸው። የቤተ ክህነቱን ትምህርት አቋርጬ ባሕር ዳር ሆቴል ወጥ ቤት ስገባ፣ "ወንድ ልጅ ወጥ ሊያማስል?" ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት መጥቼ የምሠራውን ሁሉ "በልቻለሁ" እያሉ ያልፉታል። ዘንድሮ ለፋሲካ ስመጣ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእጄን እንዲቀምሱልኝ።

እናም ተርኪ የሚሉትን ግዙፍ የውጭ አገር ወፍ ከነሕይወቱ ይዤ መጣሁ። አባቴ ግቢ ውስጥ ዞሩት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ሥጋ አዩ፣ ጥፍሩን አዩ፣ ጅራቱን ሲዘረጋማ ወደ ኋላቸው ሸሸት አሉ።

"ለመሆኑ ይበላል?"

"ዶሮ ነው አባ፤ ትልቅ ዶሮ።"

መልሴ ብዙም አላሳመናቸው። ብቻ ባርከው አረዱልኝ።

የፋሲካ ዕለት ማታ ሙሉውን በሳፋ፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት በገባበት ውሃ ዘፈዘፍሁት፤ ጨው ውስጡ ድረስ ሲዘልቅ ሥጋው አይደርቅም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ ውሃውን ደፍታ፣ ተርኪውን በሎሚ እያሸች ታጥበዋለች። ስንተኛ ውሃዋ እንደሆነ እንጃ።

"ምነው እማ?"

"በደሙ ታሳድረዋለህ እንዴ ልጄ? ሆቴል እንዲህ ነው የምታበሉት?"

ይህን ብላ ብልት ልታወጣለት ቢላዋ አነሣች። ሙሉውን ነው የሚጠበሰው ስላት ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች።

"ታዲያ ማን ምኑን ሊበላ ነው?"

ቢላዋውን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ምድጃው ሄድሁ።

በትልቁ ድስት አድርጌ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም አድርጌ፣ ቅቤ እየቀባሁ ጠበስሁት። ሩዝ ላይ አጋድሜ ሳቀርበው ሦስታችንም ከበን ተቀመጥን፤ እጁን የዘረጋ ግን የለም። እኛ ዘንድ የዶሮ ብልት ሁሉ ባለቤት አለው። ፈረሰኛ የምንለው የደረቱ ብልት የአባወራው ነው፤ የተከበረ እንግዳ ከመጣ ደግሞ ለእሱ ይሰጣል። ይሄ ግን ፈረሰኛው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንኳ አይታወቅም።

አባቴ ጸሎት አድርሰው ቢላዋ ጠየቁ። ደረቱን ቆርጠው እኔ ፊት አኖሩት።

"ይሄ የእርስዎ ነው አባ" አልሁ።

"የእንግዳ ነው" አሉና ከጭኑ ቦጨቅ አድርገው ጎረሱ። አላምጠው ዋጡ። ደገሙም።

የተመኘሁት ሆነ። እኔ ግን እንግዳው የታለ ብዬ ዘወር ዘወር አልሁ። ከሦስታችን በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ ግራ ገባኝ። እናቴ "ብላ እንጂ" ስትለኝ ሩዙን በጣቴ መነካካት ያዝሁ።