በዝናብ መሃል ምት መያዝ

ባለቤቴ በሞተ ሰሞን ጎደሬ መቀቀል አቃተኝ። ጎደሬ በሚዘወተርበት ሚዛን ከተማ ተወልዳ ያደገች ሴት ጎደሬ መቀቀል አቃታት ቢባል ሰው ይስቃል። ድሮ ሰዓት አይቼ አላውቅም። ድስቱን ጥጄ አንድ ረጅም መዝሙር እጀምራለሁ፤ መዝሙሩ ከነአዝማቹ ሲያልቅ ጎደሬው በስሎ ይጠብቀኛል። አሁን ግን አንድ ቀን ጥሬ ሆኖ ጉሮሮ ያሳክካል፣ በማግስቱ ፈራርሶ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። መዝሙሩ ያው ነው። እኔ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ነው የጠፋው።

ያንን ፍጥነት ያስያዘኝ እሱ ነበር። ሥራው ልብስ ስፌት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራንም ያሠለጥን ነበር። ስንጋባ እኔ አልቶ በሚባለው የሴቶች ወፍራም ድምፅ ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ ደህና ነው፤ መዝሙሩ መሃል ዝም የሚባልበት ዕረፍት ላይ ግን መታገሥ አልችልም፣ ሁልጊዜ ቀድሜ እገባለሁ። የስፌት መኪናውን እየረገጠ አጠገቡ ያስቀምጠኝና በጫማዬ ውስጥ የእግሬን አውራ ጣት ከእግሩ እኩል እንድጫን ያደርገኛል።

"ዝምታውንም ዘምሪው" ይለኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ዝምታ እሱ እንደሚለካው ጨርቅ ወርድና ቁመት ያለው ነገር ሆነልኝ። ቴፒ መንገድ ላይ መኪናችን ጭቃ ይዞት ሌላው ሲቁነጠነጥ እኔ ጣቴን እየተጫንኩ እቀመጣለሁ። መንገዱ አያጥርም፤ ብቻ ጊዜው ውስጥ የት እንዳለሁ አውቃለሁ።

እኛ ጋ ያለዚህ ትምህርት መዘመር አይቻልም። ዝናቡ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ሲመታ አጠገብ የቆመ ሰው ድምፅ አይሰማም። መብራትም አብሮ ይሄዳል፣ ኪቦርዱ መሃል ላይ ጸጥ ይላል። በዚህ ሁሉ ካቆምን የምንጨርሰው መዝሙር ስለማይኖር አናቆምም። እያንዳንዱ በየራሱ ይዘምራል፤ ዝናቡ ሲሳሳ ማን የት እንደደረሰ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚገኙት ወንዶቹ ናቸው። ሰው ራሱን መስማት ሲያቅተው ይፈራል፣ ሲፈራ ይሮጣል ይል ነበር ባለቤቴ። "ወንድሞች፣ የቴፒ መኪና ሊያመልጣችሁ ነው?" ሲላቸው ሁላችንም እንስቃለን። ከሳቁ በኋላ ግን ያወጣውን ሕግ ያስታውሰናል፦ የቀደመ ሰው የደረሰበትን ቃል ድምፁን ሳይቆርጥ ይዞ ይጠብቃል፤ የዘገየ ሰው ደግሞ አይሮጥም።

ከቀብሩ በኋላ ልምምድ መሄድ ተውኩ። ሰው ሐዘን መስሎታል። ሐዘንስ ነው፤ የፈራሁት ግን ሌላ ነበር። የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። ድምፁ ከቤት ወጥቷል። ከእሱ የቀረኝ ሰውነቴ ውስጥ ያስቀመጠው ምት ነው፤ ጎደሬው ላይ የሆነው ልምምድ ላይም ከደረሰብኝ ምቱም ከእኔ መሄዱን በሰው ፊት አውቃለሁ ማለት ነው። ይህን ከማወቅ ቤት መቀመጥን መረጥኩ።

የእሱን ቦታ የያዘችው ራሱ ያሠለጠናት፣ ቴፒ ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። እየመጣች ትጠይቀኛለች፤ መዝሙር የሚባል ነገር ሳታነሳ ጎደሬ ልጣልኝ ትሄዳለች። አንድ ቀን እኔው አነሳሁት። ምቱ ጠፍቶብኛል፣ ብመጣ አበላሽባችኋለሁ አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እትዬ፣ እኛስ ይዘነው መሰለዎት? እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሴቶቹ ሶፕራኖ ታች ማጂ፣ የወንዶቹ ባስ ላይ ጌጫ ነው የሚገኘው።"

ሳላስበው ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ በቀድሞ ቦታዬ ቆምኩ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ዝናቡ መጣ፤ የራሴን ድምፅ እንኳ አጣሁት። ጣቴን ተጫንኩ። የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ። ዕረፍቱ ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። ዕረፍቱ ያለቀ ይመስለኛል፤ መልሼ ደግሞ ገና ነው እላለሁ። እንደ ድሮዬ ቀድሜ እንዳልገባ ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ገባሁ።

ዝናቡ ሲሳሳ ብቻዬን ነበርኩ። እነሱ ተገናኝተዋል፤ እኔን አንድ ሙሉ ስንኝ ቀድመውኛል። አፌን ልዘጋ ስል ሰማኋቸው። የስንኙን መጨረሻ ቃል ይዘውታል። ሶፕራኖውም ባሱም አልለቀቁትም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰረቅ አድርጎ ይተነፍስና ይመለሳል። ማንም ዞሮ አላየኝም።

መሮጥ አማረኝ። አልሮጥኩም። የቀሩኝን ቃላት አንድ በአንድ፣ በየልካቸው ዘመርኳቸው፤ ጣቴም ጫማዬ ውስጥ ይከተለኝ ጀመር። የመጨረሻው ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ በድምፃቸው ውስጥ ገባ። ያኔ ልጅቷ እጇን አነሳች፤ ሁላችንም አብረን ወደ ዕረፍቱ ገባን።